ከመሸጫ የገዛሁት ያገለገለ መኪና ሞተሩ ቀድሞ የተከፈተ ሆኖ ተገኘ፤ ተጠያቂው ማን ነው?

ጠያቂ ከሳሪስ

ጤና ይስጥልኝ። ጉዳዬን በዝርዝር አቀርባለሁና በሕግም ሆነ በመኪና ሙያ የምታውቁ ብትመክሩኝ ባለውለታዬ ናችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሚገኝ አንድ ያገለገሉ መኪናዎች መሸጫ በፈረንጆች አቆጣጠር የ2008 ሞዴል የሆነ ቶዮታ ያሪስ ገዝቻለሁ። የገዛሁት ለቤተሰብ አገልግሎት ነው፤ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስና እኔም ሥራ ለመመላለስ። መሸጫው መኪናውን በቴሌግራም ገጹ ያስተዋወቀው «ሞተሩ ያልተነካ፣ ምንም ወጪ የሌለበት» ብሎ ሲሆን፣ ቦታው ድረስ ሄጄ ስጠይቅም ሠራተኛው ይህንኑ ደግሞ አረጋግጦልኛል። መኪና የሚያውቅ ዘመዴ አብሮኝ ሄዶ በአካባቢው ዞር ዞር አድርጎ ነድቶታል፤ የተለየ ድምፅም ሆነ ጭስ አላየንበትም።

ስሙ ወደ እኔ ከዞረ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከቃሊቲ ወደ ቤት ስመለስ የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ። ጥግ ይዤ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ስከፍተው ራዲያተሩ ውስጥ ውኃ የሚባል ነገር አልነበረም። ውኃ ሞልቼ ቀስ እያልኩ ሰፈሬ ወዳለው ጋራዥ አደረስኩት። መካኒኩ የሞተር ዘይት መሙያውን ክዳን ፈትቶ ሲያሳየኝ ከክዳኑ ሥር ቡና በወተት የመሰለ ነገር ተጋግሮበት ነበር። ውኃና ዘይት እንደተቀላቀለ፣ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን (ከታች ካለው የሞተር ብሎክ ጋር የሚያሽገው ስስ ሽፋን) እንደሄደና ቴስታታው ራሱም ሳይጣመም እንዳልቀረ ነገረኝ። በዚያ ላይ ይህ ሞተር ከዚህ በፊት ተከፍቶ የተገጠመ መሆኑን በእርግጠኝነት ይናገራል።

ወደ መሸጫው ሄጄ ሳስረዳ የተሰጠኝ መልስ፣ «እኛ በኮሚሽን አገናኘን እንጂ መኪናው የእኛ አይደለም፤ ደግሞም አይተህ ፈርመሃል» የሚል ነው። እውነትም ሊብሬው በአንድ በማላውቀው ግለሰብ ስም የነበረ ሲሆን፣ ውልና ማስረጃ ቀርቦ የፈረመልኝ የእርሱን ውክልና የያዘ ሰው ነው። ውሉም ላይ «ተሽከርካሪውን አይቼና መርምሬ ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ይህ ዓረፍተ ነገር መብቴን ሁሉ ያሳጣኛል? የምጠይቀው መሸጫውን ነው ወይስ የሊብሬውን ባለቤት? መኪናው ለዕለት ኑሯችን የግድ ስለሆነ አሁኑኑ ላሠራውና ወጪውን በኋላ ልጠይቅ አስቤያለሁ፤ ይህስ ያስኬዳል?

ጠበቃ

ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር፤ መልሱ ጊዜ የማይሰጥ ነውና። እባክዎ አያሠሩት። ለሻጩ በጽሑፍ ሳያስታውቁና ሻጩ እንዲያየው ዕድል ሳይሰጡ ሞተሩን ካስከፈቱት፣ የክርክርዎን ዋና ማስረጃ በገዛ እጅዎ አፈረሱት ማለት ነው። ጥገናው ካለቀ በኋላ ፍርድ ቤት የሚልከው ባለሙያ የሚያገኘው የተጠገነ ሞተር ብቻ ነው፤ ሻጩም «እኔ ስሸጥለት ደህና ነበር፤ ምን እንዳደረጉት አላውቅም» ቢል የሚያስተባብሉበት ነገር አይኖርም። ሆኖም ሞተሩ በዚህ ሁኔታ እንዳይነዳ ያድርጉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1802 ተጎጂው ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ እንዳለበት ስለሚደነግግ፣ እየፈላ መንዳትዎን ከቀጠሉ የተባባሰው ጉዳት በእርስዎ ላይ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ሕጉ ልለፍ። በአገራችን ለእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ሁለት የሕግ ምንጮች አሉ። የመጀመሪያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በቁጥር 2287 መሠረት ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ለገዥው ኃላፊ ነው፤ ቁጥር 2289 ደግሞ ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት የሚያስፈልገውን ጠባይ ካጣ፣ ወይም በውሉ በግልጽም ይሁን በዝምታ የታሰበው ጠባይ ከሌለው ይህ ኃላፊነት እንደሚመጣ ይናገራል። ልብ ይበሉ፤ ይህ ድንጋጌ ዕቃው አዲስ መሆኑን አይጠይቅም። ጉድለቱ የሚለካው ዕቃው ለገዥው ከመተላለፉ በፊት በነበረው ሁኔታ ነው፤ ከተላለፈ በኋላ የታየ ጉድለትም ቢሆን ምክንያቱ ቀድሞ የነበረ ከሆነ ሻጩን ያስጠይቃል። ስለዚህ የክርክሩ ልብ «መኪናው መቼ ተበላሸ» የሚለው ሳይሆን «የተበላሸበት ምክንያት መቼ ጀመረ» የሚለው ነው። መካኒኩ ሞተሩ ቀድሞ ተከፍቷል ማለቱ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

ይኸው ሕግ ገዥውንም ግዴታ ውስጥ ያስገባዋል። በቁጥር 2291 ዕቃውን እንደተመቸው መመርመር፣ በቁጥር 2292 ደግሞ ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ይህን የሚያጓድሉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ በስልክ ይጨቃጨቃሉ፣ በሽማግሌ ይመላለሳሉ፣ ወራት ካለፈ በኋላ ማስታወቂያ ስለመሰጠቱ የሚያሳይ አንድ ወረቀት እንኳ ሳይዙ ጠበቃ ቢሮ ይመጣሉ። ማስታወቂያው ጉድለቱን ለይቶ የሚገልጽ፣ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ በአንደኛው ላይ ተቀባዩ የሚፈርምበት መሆን አለበት፤ አልቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ። ክሱን የሚያቀርቡትም ማስታወቂያው ከተሰጠበት ቀን አንሥቶ በሚቆጠር 1 ዓመት ውስጥ ነው። ይህን የሚለው ቁጥር 2298 ሲሆን፣ ሻጩ በተንኮል ያዘናጋዎት ካልሆነ በቀር ጊዜው ካለፈ መብቱ አብሮ ይጠፋል።

ሁለተኛው ምንጭ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነው። ሸማች ማለት ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛ እንጂ ለማምረት ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው ስላልሆነ እርስዎ በግልጽ ሸማች ነዎት። አዋጁ ጉድለት ያለበትን ዕቃ የገዛ ሸማች፣ በሌላ ሕግ ወይም ውል ያለው የተሻለ መብት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ በገዛ በ15 ቀናት ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ስሙ ከዞረልዎ ሁለት ሳምንት አልሞላም ብለዋል፤ ስለዚህ ደብዳቤው ዛሬ ወይም ነገ መድረስ አለበት። ቢያልፍ የፍትሐ ብሔር ሕጉ መንገድ አይዘጋም፤ ግን ቀላሉን መሣሪያ ለምን ይጣሉት?

ከማን ጋር ይከራከራሉ ለሚለው፦ በውሉ ሻጭ የሊብሬው ባለቤት ነው፤ ውክልና የያዘው ሰው የፈረመው በእርሱ ስም ስለሆነ ተከሳሹ ወካዩ ነው። መሸጫው በእርግጥ ደላላ ብቻ ከሆነ የሽያጭ ውሉ ተዋዋይ አይሆንም። ነገር ግን «ደላላ ነኝ» ማለት ብቻውን ደላላ አያደርግም። ዋጋውን የተደራደረው ማን ነው? ገንዘቡን የተቀበለው ማን ነው? ማስታወቂያውን በራሱ ስም ያወጣው ማን ነው? አዋጁ በዕቃው ወይም በአገልግሎቱ አቅርቦት ላይ የተሳተፉ ነጋዴዎችን በአንድነትም ሆነ በተናጠል ካሳ መጠየቅ እንደሚቻል ስለሚደነግግ፣ የእኔ ምክር ደብዳቤው ለሁለቱም እንዲጻፍ፣ ክስ ካስፈለገም ሁለቱም እንዲከሰሱ ነው። አንዱን ትቶ አንዱን መክሰስ ሁለቱ ኳሱን እየተቀባበሉ እርስዎን እንዲያደክሙ መንገድ ይከፍታል።

«ባለበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሚታይ ነገር ላይ ያስራል፤ የተጫረ ቀለም፣ ያለቀ ጎማ፣ የተሰነጠቀ መስታወት ብለው መከራከር አይችሉም። ተዋዋዮች የሻጩን ኃላፊነት በውል ሊያጠቡ ወይም ሊያስቀሩም ይችላሉ። ሆኖም ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ እንዲህ ያለው ቃል አያድነውም። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ የሙያ ጥያቄ ነው፤ ጉድለቱ መኖሩ ብቻ ሳይሆን ተደብቆ መሸጡ በምን ይታወቃል? ይህን የመካኒክ ሙያ ያላችሁ ብትመልሱት ይሻላል።

መካኒክ ከጎተራ

በጠበቃው ጥሪ መሠረት የማውቀውን ልጻፍ። ሞተሩ ሳይከፈት ከውጭ የሚታይ ብዙ ነገር አለ፤ ዛሬውኑ በጥሩ ብርሃን ፎቶና ቪዲዮ ያንሱ።

በመጀመሪያ ቴስታታው ከሞተር ብሎኩ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ዙሪያውን ይመልከቱ። ፋብሪካ የገጠመው ጓርኒሲዮን ጫፉ ከዓመታት ሙቀትና አቧራ የተነሣ ከሞተሩ ጋር አንድ ዓይነት መልክ ይይዛል፤ በቅርብ የተቀየረ ከሆነ ጫፉ አዲስና ንጹሕ ሆኖ ይለያል። የቴስታታውን የላይ ክዳን ዙሪያ ደግሞ በጣት የተቀባ የሚመስል ሲሊከን ወጣ ብሎ ካዩ በጋራዥ እጅ የተገጠመ መሆኑን ያሳያል። ብሎኖቹም ይናገራሉ፤ ቁልፍ የነካቸው ብሎኖች ጠርዛቸው ላይ የሚያብረቀርቅ ጭረት አላቸው።

ይሁን እንጂ ሞተር መከፈቱ በራሱ ነውር አይደለም። በአግባቡ ተከፍቶ፣ ቴስታታው ሬክቲፊካ (የተጣመመ ገጽ በማሽን የሚስተካከልበት ቦታ) ገብቶ ተስተካክሎ፣ ደህና ጓርኒሲዮን የተገጠመለት መኪና ዓመታት ይሄዳል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መኪናው ዘመድዎ ሲነዳው ያልፈላው፣ በኋላ ግን ከቃሊቲ ሲመለስ የፈላው ለምን ይመስልዎታል? ሁለት ነገር ያስፈትሹ። አንደኛው የራዲያተሩ ፋን ነው። በዚህ መኪና ፋኑ የሚነሣው ውኃው የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ ነው። ቁልፉን ከፍተው ገና ቀዝቃዛ ሞተር ሲያስነሡ ፋኑ ወዲያው መሽከርከር ከጀመረና ኤሲውም ጠፍቶ ካላቆመ፣ ዳይሬክት ተደርጓል (ሙቀቱን ሳይጠብቅ እንዲሽከረከር ሽቦው በቀጥታ ተገናኝቷል) ማለት ነው፤ ገመዱን ተከትለው ቢሄዱ ከሶኬቱ ተቆርጦ በቴፕ የታሰረ ሽቦ ያገኛሉ። ሁለተኛው ቴርሞስታቱ (ውኃው ወደ ራዲያተሩ የሚያልፍበትን በር እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ዕቃ) ነው፤ ቤቱ ተፈትቶ ሲታይ ባዶ ከሆነ አውጥተው ጥለውታል። ፋን ዳይሬክት የሚያደርግና ቴርሞስታት የሚያወጣ ሰው መኪናው እንደሚፈላ የሚያውቅ ሰው ነው። ለአጭር ሙከራ እንዳይፈላ ማድረጊያውም ይኸው ነው፤ ራዲያተሩ ሞልቶ፣ ፋኑ ሳያቋርጥ እየነፈሰ አሥር ደቂቃ ቢነዱት ምንም አያሳይም፤ ረጅም መንገድና ዳገት ሲያገኝ ግን ይገለጣል።

ራዲያተሩ ውስጥም ይመልከቱ። ቀዳዳ ለመድፈን የሚጨመር ማሸጊያ ካለ በክዳኑ ሥር ዝቃጭ ሆኖ ይታያል። ጓርኒሲዮኑ መሄዱን ሞተር ሳይከፍቱ ለማረጋገጥ ደግሞ በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚቀመጥ መመርመሪያ አለ፤ በውስጡ ያለው ሰማያዊ ፈሳሽ የሞተር ጭስ ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ ሲያገኘው ወደ ቢጫ ይለወጣል። የኮምፕሬሽን (በሞተሩ ውስጥ ያለው ግፊት) ልኬትም ይሠራል። ሁለቱን ማንም ደህና ጋራዥ በማኅተም በተረጋገጠ ወረቀት ሊሰጥዎት ይችላል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፤ ኮፈኑ ሥር፣ የበሩ ጠርዝ ላይ ወይም ጓንት መያዣው ውስጥ የዘይት መቀየሪያ ካርድ ይፈልጉ። ኪሎ ሜትር የሚመልሱ ሰዎች ዳሽቦርዱን ያስተካክሉና ካርዱን ይረሱታል።

ጠያቂ ከሳሪስ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የተባለውን አየሁ። ፋኑ ቁልፍ እንደተከፈተ ይነሣል፤ ሽቦውም ከሶኬቱ አጠገብ ተቆርጦ በጥቁር ቴፕ ታስሯል። ቴርሞስታቱን አላስፈታሁም። ካርዱ በእርግጥም አለ፤ ከአየር ማጣሪያው ቤት ጎን ተለጥፎ አቧራ ሸፍኖታል፤ ቀጣዩ የዘይት ቅየራ በ171,000 ኪ.ሜ እንደሆነ ይላል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ግን 98 ሺህ ገደማ ነው። ሁሉንም በቪዲዮ ቀርጬዋለሁ።

አሁን ግን ሌላ ነገር አሳሰበኝ። መኪናውን የገዛሁት በ1,750,000 ብር ነው። በውሉ ላይ የተጻፈው ግን 700,000 ብር ብቻ ነው፤ «የመንግሥት ክፍያ እንዳይበዛብህ» ብለው ያግባቡኝ እነርሱ ናቸው። 700,000 ብሩን ለወኪሉ፣ ቀሪውን ደግሞ በባንክ ወደ መሸጫው ባለቤት ሒሳብ ነው ያስገባሁት። ይህ ይጎዳኛል?

ጠበቃ

ይጎዳዎታል፤ በአንድ በኩል ግን ይጠቅምዎታል።

የሚጎዳዎት እንዲህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2005 መሠረት በጽሑፍ የተደረገ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል በውስጡ ስላለው ስምምነት ሙሉ ማስረጃ ነው፤ ይህን በምስክር ለማስተባበል መሞከርም አይፈቀድም። ውሉ ፈርሶ ሁሉም ወደነበረበት ይመለስ ቢባል የሊብሬው ባለቤት «የተቀበልኩት 700,000 ብር ነው፤ ያንን እመልሳለሁ» የማለት ጠንካራ መከራከሪያ አለው። በዚያ ላይ የስም ማዛወሪያ የቴምብር ቀረጥ የሚሰላው ከዋጋው 2 በመቶ ሆኖ ስለሆነ፣ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ሁለቱንም ወገኖች በመንግሥት ዘንድ ያስጠይቃል። በየዕለቱ የሚደረግ መሆኑ ሕጋዊ አያደርገውም። ለጥቂት ሺህ ብር ቁጠባ ሲሉ የመኪናቸውን ዋጋ ከግማሽ በላይ ያለ ማስረጃ የሚያስቀሩ ገዥዎች ያሳዝኑኛል፤ ሻጮቹ ይህን የሚመክሩት ለገዥው አስበው ብቻ አይደለም።

የሚጠቅምዎት ደግሞ የባንክ ዝውውሩ ነው። የባንክ ማስረጃ የጽሑፍ ማስረጃ ነው። ደላላ ነኝ ያለው መሸጫ ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ በባለቤቱ ሒሳብ ከተቀበለ፣ ይህ ኮሚሽን ነው ብሎ ማስረዳት ይኖርበታል፤ ማስረዳቱ ደግሞ ቀላል አይሆንም። በብዙ መሸጫዎች እንደሚደረገው መሸጫው መኪናውን ከባለቤቱ ገዝቶ፣ ስሙን ወደ ራሱ ሳያዛውር በውክልና እየሸጠ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ እውነተኛው ሻጭ መሸጫው ነው። ስለዚህ ባንክዎ የዝውውሩን ዝርዝር መግለጫ ማኅተም አድርጎ እንዲሰጥዎት ዛሬ ይጠይቁ፤ የቴሌግራሙን ማስታወቂያም ሳይሰርዙት በፊት ከነቀኑና ከነገጹ ስም ስክሪን ሹት ያድርጉት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ እውቅና ስለሚሰጥ፣ «ሞተሩ ያልተነካ» የሚለው ቃል ከእጅዎ አይውጣ።

ከዚህ ሁሉ በመነሣት ዳኝነት የሚጠይቁበትን መንገድ ልመክርዎ። ውሉ ይፍረስልኝ ከማለት ይልቅ መኪናውን ይዘው የጥገናውን ሙሉ ወጪ፣ መኪናው በቆመበት ጊዜ ያወጡትን የመጓጓዣ ወጪና በተመለሰው ኪሎ ሜትር ምክንያት መኪናው ያጣውን የዋጋ ልዩነት በካሳ መልክ ቢጠይቁ፣ በውሉ ላይ የተጻፈው አነስተኛ ዋጋ ያን ያህል አያስቸግርዎትም። ጉዳቱ የሚለካው በባለሙያ ግምት ነውና። ውሉን ማፍረስ ከፈለጉ ደግሞ ፈቃድዎ በተንኮል የተገኘ ነው በሚለው ቁጥር 1704 መሄድ ይችላሉ፤ ጥያቄው ይህ ምክንያት ከተወገደበት ጊዜ አንሥቶ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ኪሎ ሜትር መመለሱ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 692 የአታላይነት ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ግን ማን እንደመለሰውና የሸጠው ሰው ማወቁን ማስረዳት ስለሚያስፈልግ፣ ፖሊስ ጣቢያ መሄድን የመጀመሪያ እርምጃ እንዲያደርጉት አልመክርም።

የቀድሞ የመኪና ነጋዴ

በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ዛሬ ወጥቼበታለሁ። ከጠበቃው በአንድ ነጥብ እለያለሁ።

ጥፋቱን ሁሉ መሸጫው ላይ መጫን ልክ አይመስለኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው፤ በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል ማስገባትን አቆመ። ከዚያ ወዲህ ገበያው የሚሽከረከረው አገር ውስጥ ባለው መኪና ላይ ነው፤ አንድ ያሪስ በአምስትና በስድስት ባለቤት እጅ እየዞረ ዋጋው ግን ይጨምራል። መሸጫው መኪናውን ተቀብሎ ያጥባል፣ ያስወለውላል፣ ያስተዋውቃል፤ ሞተሩን ከፍቶ የሚያይበት ጊዜም ፍላጎትም የለውም። ከ15 ዓመት በላይ የተነዳ መኪና ጓርኒሲዮን ቢሄድበት ሻጩ አታላይ ነው ማለት አይደለም። ፍሪሲዮን ያልቃል፣ ሾክ አብዞርበር ይሞታል፣ ባትሪ ይደክማል፤ በዚህ ሁሉ ሻጭን መክሰስ ከተጀመረ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ሰው አይኖርም።

የዳይሬክት ፋኑ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ያንን አይቶ «ሞተሩ ያልተነካ» ብሎ የጻፈ ሰው ይጠየቅ። ኮፈን ከፍቶ ቁልፍ ለከፈተ ማንም ነጋዴ ፋኑ ወዲያው መነሣቱ የሚሰወር አይደለምና አላየሁም ማለት አይችልም።

ለጠያቂው ከልምዴ ልንገርዎት። መሸጫዎቹ ክስን ከሚፈሩት በላይ የገጻቸው ስም እንዳይጠፋ ይፈራሉ፤ ነገር ግን ገጻቸው ሥር ገብተው ስድብ ከጻፉ እልህ ይይዛቸውና በር ይዘጋሉ። ደብዳቤው ሲደርሳቸው ብዙውን ጊዜ «መኪናውን አምጣው፣ እኛ ጋራዥ እናሠራልሃለን» ይላሉ። እንዲህ ካሉዎት ያለ ጽሑፍ ቁልፉን አይስጡ። እነርሱ ግቢ ከገባ ፋኑ ተስተካክሎ፣ ካርዱ ተልጦ፣ ሌላ ርካሽ ጓርኒሲዮን ተገጥሞ ይመለስልዎታል፤ ከዚያ በኋላ በእጅዎ የሚቀር የለም። ጋራዡን ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ምረጡ፤ ቴስታታው ሬክቲፊካ ሲገባ እርስዎም እዚያው ይገኙ።

ሌላ ጠያቂ

ይቅርታ ላቋርጥና፣ እኔ ተመሳሳይ ችግር የገጠመኝ በመተግበሪያ ለሚጠራ የታክሲ ሥራ በገዛሁት መኪና ነው። የገዛሁትም ከመሸጫ ሳይሆን በቀጥታ ከግለሰብ ነው። የተባለው ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

ጠበቃ

በከፊል። ግለሰቡ ነጋዴ ካልሆነና መኪናውም ለገቢ ማግኛ የተገዛ ከሆነ በአዋጅ 813/2006 መሠረት ሸማች ነኝ ብሎ መከራከሩ አስቸጋሪ ነው፤ የ15 ቀኑን መብት አይተማመኑበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ሻጩ ነጋዴም ሆነ ግለሰብ፣ ገዥው ለቤቱም ሆነ ለሥራው ቢገዛ አይለይም። የማስታወቅ ግዴታውና የ1 ዓመቱ ጊዜ ለእርስዎም እንዳለ ይሠራል። መኪናው ለሥራ በመሆኑ የተቋረጠ ገቢ ካሳ መጠየቅ ይችላሉ፤ ገቢዎን የሚያሳይ የመተግበሪያውን መዝገብ ያውጡ።

ጠያቂ ከሳሪስ

የተሰጠኝን ምክር ይዤ ደብዳቤውን አዘጋጅቻለሁ። ከመስጠቴ በፊት ብታዩልኝ፦

«ለ……… (የሊብሬው ባለቤት) እና ለ……… (የመኪና መሸጫው)፤ ጉዳዩ፦ የተሽከርካሪ ጉድለትን ስለማስታወቅ። በቀን ……… በተደረገ የሽያጭ ውል የገዛሁት የሰሌዳ ቁጥሩ ……… የሆነ ቶዮታ ያሪስ በቀን ……… በመንገድ ላይ ከመጠን በላይ በመሞቁ በጋራዥ ተመርምሮ የሞተር ውኃና ዘይት የተቀላቀለ መሆኑ፣ ሞተሩ ከሽያጩ በፊት ተከፍቶ የተገጠመ መሆኑ፣ የራዲያተሩ ፋን ሽቦ ተቆርጦ በቀጥታ የተገናኘ መሆኑና በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ኪሎ ሜትር በዘይት መቀየሪያ ካርዱ ላይ ከተመዘገበው እጅግ ያነሰ መሆኑ ተረጋግጧል። እነዚህ ጉድለቶች ውሉ ሲደረግ ያልተገለጹልኝ ከመሆናቸውም በላይ ‹ሞተሩ ያልተነካ› ተብሎ ከተሰጠኝ ማረጋገጫ ጋር የሚቃረኑ ናቸው። ስለሆነም ያታለላችሁኝን ገንዘብ በአስቸኳይ እንድትመልሱ፣ ካልሆነ በሕግ እንደምጠይቃችሁ አሳውቃለሁ።»

ጠበቃ

እስከ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ድረስ ጥሩ ነው። «ያታለላችሁኝ» የሚለውን ያውጡት፤ ማታለሉን ገና አላስረዱም፣ ቃሉም ድርድሩን ከመጀመሩ በፊት ያበላሸዋል። «ገንዘብ መልሱ» የሚለውም ከላይ ባልኩት ምክንያት አሻሚ ነው። በእርሱ ፈንታ እንዲህ ይበል፦ «ስለሆነም ተሽከርካሪው በሚገኝበት ጋራዥ በቀን ……… ከጠዋቱ ……… ሰዓት በመገኘት ጉድለቱን በጋራ እንድትመለከቱ፣ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 እና በፍትሐ ብሔር ሕጉ ያሉኝ መብቶች ሁሉ እንደተጠበቁ ሆነው ተሽከርካሪው እንዲለወጥልኝ ወይም የጥገናውን ሙሉ ወጪ እንድትሸፍኑ፣ ይህ ካልተፈጸመ ግን ያለ እናንተ መገኘት በገለልተኛ ባለሙያ አስመርምሬ በሕግ የምጠይቅ መሆኔን አስታውቃለሁ።» ለጋራ ምርመራው የሳምንት ያህል ጊዜ ይስጧቸው።

ግልባጩን ለከተማው ንግድ ቢሮ ያድርጉት። የቀድሞው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን ሥራ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ስለተዛወረ፣ አቤቱታው ከዚያ መስመር ነው የሚሄደው፤ ነገር ግን አቤቱታ ማቅረብዎ የ1 ዓመቱን የክስ ጊዜ ያቆምልኛል ብለው አይዘናጉ። ካልተስማሙ ክሱ የሚቀርበው ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ግምታቸው ከ10 ሚሊዮን ብር ያልበለጠ የፍትሐ ብሔር ጉዳዮች የእርሱ ናቸውና። በተባለው ቀን ከመጡ የሁሉንም ፊርማ የያዘ ቃለ ጉባኤ ጋራዡ ውስጥ ይጻፍ፤ ካልመጡም መካኒኩ አለመምጣታቸውን በሪፖርቱ ላይ ያስፍርልዎት፤ ሞተሩም የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ብቻ ይሁን።